በፊርማ የሚወሰድ

ሌዝብሪጅ ላይ፣ ነፋሱ የመኪና በር በሚገነጥልበት፣
ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ነው የፖስታ መስኮቴ ያለበት።
በግራዬ የሳል ሽሮፕ፣ በቀኜ የራስ ምታት ክኒን፣
እኔ መሃል ቆሜ አለሁ፣ የሰው ጥቅል ስመዝን።

ዳርሲ ቦይቹክ መጣች ማክሰኞ፣ ከአውቶቡሷ ወርዳ፣
የተማሪ ሾፌር ናት ዛሬ፣ ትከሻዋ ግን ያው ግድግዳ።
ድሮ አሎሎ ወርዋሪ ነበረች። የነገረችኝ ለት፣
«አራት ኪሎ ብረት» ስትለኝ፣ ሰፈር ትዝ ብሎኝ ሳቅሁባት።

በዚያ በትልቁ ውድድር አራተኛ ወጣች፤ ልዩነቱ
ሦስት ሳንቲሜትር፤ አንድ የክብሪት እንጨት አይሞላም ርዝመቱ።
አራተኛ ማለት ምን ነው? በመድረኩ ጀርባ ማለፍ፣
የሌላ አገር መዝሙር እየሰሙ ለአውቶቡስ መሰለፍ።

ትዝ ይለኛል ያ በረዶ፣ ሳል ደረቷን ሲያርሰው፣
ጠርሙሱን ከግራዬ አንስታ ጀርባውን እንደ ዳዊት ስትደግመው።
አንድ ቃል ላይ ጣቷ ቆመ። መለሰችው ወደ ስፍራው፤
ሎሚ ገዝታ ወጣች፤ ሳሏ ይሰማኝ ነበር ከመኪናው።

መርማሪዎቹም ነበሩ፣ ጎህ ሳይቀድ በር የሚያንኳኩ፣
የት አደርሽ፣ የት ታድሪያለሽ እያሉ ሌሊቷን የሚለኩ።
እናቷን በቀበረች ማግስት፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣
አንዲት ሴትዮ ቆማ እያየቻት ሽንቷን በብልቃጥ ሰጠች።
«ይሁን» ነበር ያለችኝ፤ «ለሁላችን እኩል ከሆነ።»

እኩል አልነበረም።

ሦስተኛዋ በመርፌ ነበር ያቺን ክብሪት የዘለለቻት፤
ብልቃጧ ዘጠኝ ዓመት በረዶ ውስጥ ተኝቶ ኋላ ተናገረባት።
«እሷም ልጅ ነበረች» ትላለች ዳርሲ፤ «ቫይታሚን ነው ብለዋት ይሆናል።»
ዝም ትልና ደግሞ፦ «እኔም ልጅ ነበርኩ። ይህስ በማን ይታሰባል?»

ጥቅሉን አወጣሁ። የጉምሩክ ቅጹ ላይ፦ «ያገለገለ ዕቃ።»
ቀረጡ አሥራ አንድ ዶላር ከአርባ። ልተውላት አልችል፤
ሳንቲም ለቅማ ከፈለችኝ፣ እስክታነባ ስቃ።

«እውነትና ንጋት እያደር…» ልላት ብዬ ዋጥኩት ተረቱን፤
የትኛው ንጋት ነው ዘጠኝ ዓመት የሚያስቆጥር ሌሊቱን?

ካርቶኑን በመኪና ቁልፍ ቀደደችው። ነሐስ። ጠርዙ ላይ ጭረት፣
ሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ከመቀስ ጋር የኖረበት ምልክት።
«መዝነው» አለችኝ። ሚዛኔ ላይ አኖርኩት፤ አራት መቶ አሥር ግራም።
ቁጥሩን ትክ ብላ አየችው፣ የቀረውን እንደምትጠብቅ፤ አልጨመረም።

ከኋላዋ የደም ግፊት ክኒን የሚጠብቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ፈረመች። ሜዳሊያውን በካፖርቷ ኪስ፣ ከጓንቷ ጋር ከተተች፤
ስትወጣ ከግራው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አነሳች።
ሳል የለባትም።
ጀርባውን ሳታነብ ከፈለች።