ሻምበል ወንድሜ

ቡልቡላ ላይ ጎማ ፈንድቶ፣ ሐዋሳ ስንገባ መሽቷል፤
ከምሽቱ ሁለት ተኩል፤ የመናኸሪያው መብራት ጠፍቷል።
ሻንጣዬን ከጣሪያ ያወረደው ልጅ እጀታውን አልለቀቀም፤
“እህት፣ የት ነሽ? ልሸኝሽ?” አለኝ።
የት እንደሆንኩ እኔም አላወቅኩም።

“ወንድሜ ይመጣል” አልኩት፣
የሞተ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፤
“ሻምበል ነው” ብዬ ጨመርኩበት፣
ማዕረጉን ካየር ላይ ቀጥፌ።
ልጁ ሻንጣውን ለቀቀ።
እኔን ሲያይ ያልነበረው ትሕትና
ያላየው ሻምበል ሲጠራ ፊቱ ላይ ፈለቀ።

ባጃጅ ውስጥም ሻምበል አብሮኝ ተሳፈረ።
“አዎ፣ መንገድ ላይ ነኝ… የጎን ቁጥሩን? ቆይ ልንገርህ…”
ቁጥሩን በጨለማ የት አይቼው! አፌ ላይ የመጣውን ጠራሁ።
ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ፤
ወደ ቅያሱ የጀመረውን መሪ
ወደ አስፋልቱ መለሰ።
ምናልባት ቅያሱ አቋራጭ ነበር።
ምናልባት ሹፌሩ ሴት ልጆች ያሉት ደግ ሰው ነው።
አላውቅም።
አለማወቄ ነው የሚያደክመው።

አቶቴ፣ ፔንሲዮኑ ውስጥ፣
ምትኬ የምትባል ልጅ መዝገብ ገለጠች።
“ብቻሽን ነሽ?”
ጥያቄው ያው የሌሎቹ ነው፤
እሷ ግን ስትጠይቀኝ የውጭውን በር ነው ያየች።
“ወንድሜ…” ብዬ ስጀምር፣
“ተይው” አለች፣ “እዚህ መዝገብ ላይ የሁሉም ሴት ወንድም ሻምበል ነው።
የኔ ኢንስፔክተር ነው።”
ሳቅን። ከዚያ ሳቋን አጥፋ ቁልፍ ሰጠችኝ፦
“ሦስት ቁጥር፣ ከኔ ጎን።
ቁልፉ ሁለቴ ይዞራል፤ ሦስተኛ እንዳትሞክሪ፣ ይሰበራል።
ወንበሩን ከእጀታው ስር አስደግፊ።
ቢያንኳኩ፣ የኔን ድምፅ ካልሰማሽ አትክፈቺ።
ግድግዳው ካርቶን ነው፤ አንዴ ብትመቺው እነቃለሁ።”

ወንበሩን አስደገፍኩ።
ሥራዬ የላቦራቶሪ ዕቃ መጠገን ነው፤
ከሻንጣዬ ረጅሙን መፍቻ አውጥቼ ትራሴ ስር ሸጎጥኩ።
ተኛሁ አልልም።
ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ኮሪደሩ ላይ ጫማ መጣ፤
አሸዋ ያለው ጫማ።
ቆመ። እኔም እስትንፋሴን ይዤ ቆምኩ፣ እንደተኛሁ።
ከዚያ የሌላ በር ተከፈተ። ሽንት ቤት ነበር።

እውነት ለመናገር፣ ነበረኝ ወንድም፤
ታምሩ፤ ጥርስ ሳያበቅል ኩፍኝ የወሰደው።
እናቴ ስሙን በዓመት አንዴ ነው የምታነሳው፣ እሱንም ቀስ ብላ።
እኔ ግን በአንድ ምሽት አሳደግኩት፤
ትከሻው ላይ ኮከብ ደረደርኩ፣
ሲቆጣ ጎርነን የሚል ድምፅ ሰጠሁት።
የሞተ ሕፃን ዘበኛዬ አደረግኩት።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ታዲያ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦
ታምሩ ቢያድግ ኖሮ፣ ማታ ማታ የት ይቆም ነበር?
የመናኸሪያ በር ላይ? የማያውቃትን ልጅ ሻንጣ ይዞ?
“እህት” የሚለውን ቃል እንዴት ይለው ነበር?
እንደ እህት?
ወይስ እንደ መያዣ?
መልስ የለኝም። ኩፍኙ መልሱንም ወስዶታል።

ጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ እጃቸውን ወደኋላ እንዳጣመሩ ሽማግሌዎች
የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ተኮልኩለዋል።
ሐይቁ ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል፤
ደግሞም ምንም አልተፈጠረም።
ያልተፈጠረውን ስጠብቅ ግን ሌሊቱ አልቋል።

ዓሣ የምትበልት ሴት ቢላዋዋን ሳታቆም
“ብቻሽን ነሽ?” አለችኝ።
ግራና ቀኙን አየሁ፤
“ብቻዬን ነኝ” አልኩ።
አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ።
“እዚህ ጋ ነይ፤ ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪው።”

ተቀመጥኩ። ገና ሦስት ሰዓት ነው፤
ፀሐይ ታቦር ተራራን አልፋ ወጥታለች።
እስኪመሽ ድረስ
ሻምበል ፈቃድ ላይ ነው።