ባለ ስድስት መቶው

ስድስት መቶ ዶላር፣ ሁሉም ባለ ሃያ፣
በካልሲ ጠቅልዬ ወጣሁ ገበያ።
ገበያው ጓሮ ነው፣ ከዊኒፔግ ሰሜን ዳር፤
ሻጩ ሽማግሌ፣ ኦሌክሳ የሚባል፣ ከውሻው ጋር የሚኖር።
በረዶውን ጠርጎ ሸራውን ቢገልጠው፣
ረጅም ቮልቮ ነው፤ ስቴሽን ዋገን፣ የተከካ ምስር የመሰለው፤
ከኋላው ሰው ከነቁመቱ የሚያስተኛ፣
ከፊቱ ግንባሩ ቀጥ ያለ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣
በአንድ ዓይኑ የሚያይ፣ በአንዱ የሚተኛ።

«እውነቱን ልንገርህ» አለ፣ ጓንቱን አውልቆ፣
«የግራው የኋላ በር ቀርቷል ተጣብቆ።
ማሞቂያው እግር ብቻ ነው የሚያሞቅ፤ ፊትህን ሸፍን።
ዘይት ይጠጣል። እኔም እጠጣለሁ።
ጠዋት ስትጠራን ግን አቤት እንላለን፤ ይህን እምልልሃለሁ።»
ልከራከር ነበር፣ አምስት መቶ ልለው፤
ሰው ጉድለቱን ሁሉ አስቀድሞ ሲነግርህ፣ ከምኑ ላይ ትቀንሰው?

ቤት ስደርስ ትርፌ በመስኮት አየችው።
አልወረደችም፤ ከላይ ሆና ነው የጠየቀችው፦
«ጎትተህ ነው ወይስ ነድተህ?»
«ነድቼ።»
«እሱ ነዳህ እንጂ!»
ጥጋቡም፣ ለአዲስ መኪናው በየወሩ ስድስት መቶ የሚገብረው፣
ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ነፍስ ይማር!» አለው።

ሮሜል መካኒኩ፣ ያ ፊሊፒኖው፣
ከሆዱ ሥር ገብቶ በባትሪ መረመረው፤
ብቅ ሲል እየሳቀ፦ «ዝገቱን እንዳትነካው፤
አሁን መኪናውን ዝገቱ ነው የያዘው።»

ከዳሽቦርዱ ኪስ ደብተር አገኘሁ።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ መስመር በመስመር፣
ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎሜትር፣
በእርሳስ። አንዳንዴ ከጎኑ ትንሽ ቃል፦
«ጎማ ተቀየረ»፤ «ዝናብ»፤ «ሃሊና ሆስፒታል»።
«ሃሊና ሆስፒታል»፣ «ሃሊና ሆስፒታል»፤ ዐርባ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።
ከዚያ «ዘይት» ብቻ።
ገጹን ገለበጥኩ።
ከሥሩ ቀጠልኩ እኔም፣ በራሴ ፊደል፦
«ጥር ስድስት። ዐርባ ሊትር። ብርዱ ሰው የሚገድል።»

ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ሲወርድ ቁልቁል፣
ከአፍንጫው የወጣውን ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ስቸክል፣
እንደ ጥገት ላም አስሬው እገባለሁ፤
ሌሊቱን ኤሌክትሪክ ሲጠባ፣ ሲያንጎራጉር እሰማለሁ።
አንድ ቀን ጥጋቡ ደወለ፤ ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ተኩል፤
ድምፁ ላይ ማፈርና መለመን እኩል በእኩል።
ያ ባለ ስክሪኑ መኪና ጭጭ ብሏል።
ገመድ ዘረጋሁ። ስለ ነፍስ ይማር አላነሳሁም።
ቮልቮው አንዴ ሳለ፤ ደግሞም ሳለ፤
በሦስተኛው ሳል የጥጋቡ መኪና ነቅቶ፣ መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ በሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጣህ» አለ።

ስንት ፍራሽ ጫነ፣ ስንት የሰው አልጋ!
በእሱ ጀርባ ነው እንግዳ ሁሉ ቤት የሚጠጋ።
በሚያዝያ፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ትርፌን ምጥ ያዛት፤
በግራው በር ልትገባ ታግላ፣ አልከፈት አላት፤
እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደበችው። ተሰድቦም አደረሳት።
ማታ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፦ «ትርፌ ሆስፒታል»።
እጄ እዚያው ቆመ ለጥቂት ጊዜ።
ከዚያ ጨመርኩ፦ «ሁለት ሆነን ሄደን፣ ሦስት ሆነን ተመለስን።»

ባለፈው ሰኞ ቆጣሪው ቆመ።
ሮሜል «ጥርሱ አልቋል» አለ፤ «ሰማንያ ዶላር ነው።»
ሰማንያ ዶላር፣ ዕድሜን ለመቁጠር! «ተወው።»
እኔም ቀኑን እጽፋለሁ፣ ሊትሩን እጽፋለሁ፤
ኪሎሜትሩ ላይ ስደርስ ያንኑ ቁጥር እደግማለሁ።
ትናንት ትርፌ፣ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ደብተሩን ገልጣ አየችው፤
ቀና ብላም እኔን፦
«ይህን ሁሉ ቤንዚን፣ ቆመህ ነው እንዴ የምትጨርሰው?»