የኦሬንሲዮ ምስማር

ከጓዳሎፔ ወንዝ፣ ከዳገቱ በላይ፣
አፈሩ ኖራ ነው፣ ዓይን ይወጋል በፀሐይ።
አባቴ ኦሬንሲዮ ሰባ ዓመት ሲሞላው
ሠላሳውን የኮክ ችግኝ በአንድ ቀን ተከለው፤
ፍሬ የሚያለብስበት የወረቀት ከረጢት
ገና ሳያብብ ገዝቶ አስቀመጠ ከቤት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሲጋመስ፣
ጫፍ ጫፉ ይገረጣ ጀመር ቀስ በቀስ፤
ታች ያለው አሮጌ ቅጠል እንደለመለመ
ትናንት የተወለደው ለጋው ታመመ።
አንዷን ቀንጥሼ ወደ ብርሃን ሳያት
ጅማቷ አረንጓዴ፣ ሥጋዋ ቢጫ ናት፤
የሽማግሌ እጅ ናት፣ ደም ሥሯ የወጣ፣
በሦስት ሳምንት ሕፃን ላይ እርጅና የመጣ።

«ብረት አንሷት ነው» አለ፣ ግንዷን ዳብሶ፤
ወደ በረቱ ገባ፣ ወጣ ተመልሶ፣
መዶሻ በአንድ እጁ፣ በሌላው ምስማር፣
የበቅሎ ጫማ፣ ማረሻ፣ የአጥር ሽቦ ጭምር።
አያቱም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት ይላል፤
ግንዱን ይቸነክራል፣
ብረቱን ይቀብራል፣
ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ቅጠል ይቆጥራል።

እኔ ልጁ ኦሮሲያ ከሳራጎሳ መጣሁ፤
ከአፈሩ ቆንጥሬ በብርጭቆ አኖርሁ።
ኮምጣጤ ጠብ ባደርግበት
ፈላ፣ ተንጫጫ፣ አረፋ ደፈቀ፤ ሳቅሁበት።
አባቴ አልሳቀም።

«ብረቱማ ሞልቷል» አልኩት፣ «ከእግሯ ሥር ተኝቶ፤
ኖራው ነው የከለከላት በሩን ዘግቶ።
ጎተራው ሙሉ ነው፣ ቁልፉ ነው የጠፋው፤
ያንተ ምስማር ዝገት ነው የሚያተርፈው።»

ቁልፍ ሲባል ሳያስበው ኪሱን ዳበሰ።
«ስድሳ ዓመት ስቆፍረው
አንድ ቀን አልነገረኝ» አለና ተነፈሰ።

ዱቄቱ የጡብ መልክ ነው፣ ከጥፍር አይለቅም፤
በባልዲ ስበጠብጠው ውኃው መሰለ ደም።
ለአንድ ችግኝ አንድ ማንኪያ።
«ማንኪያ?» አለ፣ ማረሻ ሙሉ የቀበረው ሰው፣
«ማንኪያ!» አለ፤ ባልዲውን ግን ከእጄ ወሰደው።
በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከዛፍ ዛፍ እየዳኸ፣
አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ሠላሳውን አጠጣ።

በሃያኛው ቀን ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ወጣ፤
አረንጓዴ፣ ጥቁር እስኪመስል።
ቢጫ የነበረው ግን ብዙው ቢጫ ቀረ፤
ያለፈ ርሃቡን ማንም አልመለሰለትም።

አሁን በመሸታ ቤቱ «ምስማሩ ነው» ይላል፣
ብርጭቆ ያነሳል፣ ወዳጆቹን ያስምላል።
እኔም እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ።

በመስከረም ጎንበስ ብዬ ግንዷን ሳያት
ቅርፊቷ ምስማሩን ውጦ ጨርሶት፣
ራሱ ብቻ ቀርቷል፣ እንደ አዝራር።

አልነቀልሁትም።