ከግሱ በፊት

አንድ አምፖል ነው ያለው፣ የማታው ክፍላችን፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ፣ ተቀምጧል መካከላችን።
ልብስ ሰፊው፣ ዘበኛው፣ በርበሬ ሻጯ እኔ፤
መምህር ይርዳው ቆሟል፣ ከነቁራጭ ጠመኔ።

"ቅጽል ማለት" ይላል፣ "ስምን የሚያለብስ፣
ምን ዓይነት? ስንት? የቱ? ለሚል የሚመልስ።"
"ሬድ ፔፐር" ያልን ጊዜ፣ ድምፄ ከሁሉ ላቀ፤
ቅጽሉን ዐይኔ ያውቃል፣ ስንቴ እንባው ደረቀ።

እዚህ ድረስ ደግ ነው፤ ቅጽሉ ይቀድማል፣
ስሙም እንደኛው አገር ከኋላው ይቆማል።
ከዚያ "ፋስት" መጣና አምታታን ነገሩ፦
"ኤ ፋስት ካር" ሲባል ቅጽል ነው በክብሩ፤
"ሂ ድራይቭስ ፋስት" ላይ ተውሳከ ግስ ሆኖ ተገለጠ፣
አንዲት ፊደል ሳይጨምር ሥራውን ለወጠ።
ዘበኛው ጋሽ ሙሄ "እንደኔ ነው" አለ፣
"ቀን አናጺ፣ ሌሊት ዘበኛ፣ ያው ሙሄ የተባለ።"

እኔ ይማምን አሰብኩ፣ ታናሼን።
አይሱዙው "ፋስት" የሚል ቅጽል አይገባውም፣ አርጅቷል።
ተውሳከ ግሱ ግን፣ አይ እሱ!
ሐረጎን ሲወርድ መሪው በአንድ እጁ፣
በሌላው ሙዝ ይልጣል።

"ሐረግ ማለት ደግሞ" አለ መምህሩ፣
"ቃላት ተያይዘው፣ ማሰሪያ ግስ ግን የሌላቸው..."
ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጦይባ ናት፣ ሚስቱ።

"አንሻዬ፣ ይማም" አለች።
"ዛሬ ሲመሽ፣ ከኮምቦልቻ ሲወጣ፣
ሐረጎ ላይ፣ ሦስተኛው ኩርባ ጋ፣
በዚያ ጉም፣ ሽንኩርት እንደጫነ፣
መኪናው ተንሸራቶ፣ ከገደሉ አፋፍ..."
ከዚያ ትንፋሿ ጠፋ። ወይ ኔትወርኩ።

ስሙን ሰማሁ። ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ጭነቱን ሳይቀር።
ግሱ አልመጣም።
እንግሊዝኛ ቢሆን ይሄኔ ነግሮኝ ነበር፦
ስም፣ ወዲያው ግስ፣ ሞተ ወይ ዳነ፤
ገደሉንና ሽንኩርቱን በኋላ ይዘረዝራል።
የኛ ግስ መርዶ ነጋሪ ነው፣
ሁሉን አስቀድሞ፣ ደጅ ቆሞ
ንጋት ይጠብቃል።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፣ ከጉሙ ጋር።
"ሀሎ? ጦይባ? ሀሎ?"

"... ደህና ነው። አብሽሪ።
እግሩን ብቻ። ደሴ ሆስፒታል ነን፣
'ሽንኩርቴን ማን ለቀመው' እያለ ይሳደባል።"

ተመለስኩ። ደብተሬ እንደተዘረጋ ነው።
"አንሻ፣ ቅጽሉን አገኘሽው?"
ከእንግሊዝኛው ስር ምንም አላሰመርኩም።
ዳር ላይ፣ በአማርኛ፣ "ደህና" ብዬ ጻፍኩ፣
ሁለቴ አሰመርኩበት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

ጎንበስ ብሎ አየው።
"ይሄ እኮ ጥያቄው ውስጥ የለም።"
"አውቃለሁ" አልኩት፣
ነጠላዬን ሰበሰብኩና ወጣሁ፣
ፋስት።
ተውሳከ ግስ።