የጌታዬ ቁርጭምጭሚት

ብቸና ላይ ያኔ፣ ደጃች ይግዛው ግቢ፣
አጋፋሪው እኔ፣ ባርጩሜ አስገቢ።
ማን ከማን እንዲቀድም፣ ማን ጥግ እንዲይዝ፣
ለማን ሽንጥ እንዲቆረጥ፣ ለማን ወርች እንዲመዘዝ፣
በቃሌ ነው የማውቅ፣ እንደ ልጅ ዳዊት፤
ጦር ያማዝዝ ነበር፣ የሳተ አንድ ብልት።

የገና ለት ብቻ፣ ከቅዳሴ መልስ፣
ይላላል ሥርዓቱ፣ ቀኑ እስኪመሽ ድረስ፤
ጌታም ካባ ጥሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣
ለጥንጓ ይጋፋል፣ በሎሌ ተከቦ።

በዚያ ዓመት ታዲያ፣ እንጨት ፈላጩ ልጅ፣
ቢያድግልኝ፣ ፊቱ የማይታይ ከደጅ፣
ገናውን ሰነዘረ፤ ጥንጓ ግን ዞረች፣
የጌታዬ ቁርጭምጭሚት፣ በምትኳ ጮኸች።

ሜዳው ጭጭ አለ።
እኔ አርጩሜዬን ፈለግሁ። በእጄ አልነበረም።

ደጃች ከት ብለው፣ ሳቁና ሳቁና፣
«ቁጣ የለም ዛሬ፣ ቀኑ ነው የገና!»
ሄዱ እያነከሱ፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣
እኔም ከኋላቸው።

ማታ ግብር ገባ። መጀመሪያ ያየሁ
በጅሮንዱን ነበር፣ ሲያነክስ። «ምነው?» አልሁ።
«ብርድ ነው» አለኝ እሱ። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣
ተሰልፈው መጡ፣ እግር ጎታቾች።
«የተመታው ግራ ነው» ብላቸው በሹክሹክታ፣
እግር ለውጠው ገቡ፣ እያዩ ወደ ጌታ።
መሪጌታም ሳይቀር፣ ቅኔ ሊዘርፍ ቆሞ፣
መቋሚያው ላይ ወድቆ፣ «እግሬን» አለ ታሞ።
እኔስ? እኔማ ቀደምሁ፣ ከሁሉም በርትቼ፣
አዳራሹን ዞርሁት፣ አንድ እግሬን ጎትቼ።

ማገዶውን ይዞ፣ በዚያ ሁሉ መሐል፣
ቢያድግልኝ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።
ጌታዬ አዩት። እመት ስኂንም አዩት።
ጠጁ ብርሌ ላይ፣ ቆየ ሳይጠጡት።

አልተቆጡም ጌታ፤ ገና ነዋ ቀኑ።

በነጋታው ጠርተው፣ ኩታ አለበሱት፤
ዓባይ በረሃ ላይ፣ ኬላ ጠባቂ አሉት፣
ንዳዱ ካመት ዓመት፣ ሹም የሚለውጥበት።
እጅ ነሥቶ ወረደ።
ደስ ብሎት ነበር።

ለጥምቀት የጌታዬ፣ ቁርጭምጭሚት ዳነ፤
ያ ሁሉ አንካሳ፣ በአንድ ቀን ደኅና ሆነ።
እኔ ግን ይኸው አርጅቼም፣ ጌታም ግቢም ካለፉ፣
ግራ እግሬን እጎትታለሁ፣ ማንም ሳያይ በደጃፉ።
ወጌሻ ዳሰሰኝ፣ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ተረከዝ።
«አጥንትህ ደኅና ነው» አለኝ።
«አውቃለሁ» አልሁት።