የኤንደል አውራ ጣት

ታርቱ ላይ፣ በጥር፣ ወንዙ ድንጋይ ሲሆን፣
ቪርቬ ምድር ቤቷን ታጨልማለች ቀኑን፤
ፀሐይ አይታመንም፣ ደመና ሲያልፍ ይዋሻል፣
አንዱ ምስል ላይ የነበረ ጥላ በሚቀጥለው ይሸሻል።
ስለዚህ ሁለት አምፖል፣ አንድ ካሜራ ያረጀ፣
አንድ መብራት ያዥ፣ እኔ፣ ጣቱን በአምፖል የፈጀ፤
በብሎን የታሰረ ጠረጴዛ፣ በላዩ ክንድ የማይሞላ መንደር፣
ጣሪያው የክብሪት እንጨት፣ ጨረቃው የካፖርት አዝራር፣
ባሕሩ የከረሜላ ወረቀት፤ ከአንዱ ቤት ደጅ ላይ ውሻ፣
ከሰምና ከጭቃ፣ ቁመቱ አንድ ጉርሻ።

ውሻውን የሠራው ባሏ ነው፣ ኤንደል።
ሲያስተምራት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ነበር የሚል፦
«ለአንዲት ሰከንድ ሕይወት ሃያ አራት ንክኪ፤
ጆሮውን ቅንጣት ሳቢ፣ ጅራቱን በጥፍርሽ ልኪ፣
እጅሽን ከፊቱ አንሺ፣ ትንፋሽሽን ዋጪ፣
ቀጭ ሲል ተመለሺ፣ ሌላ ቅንጣት ቆንጥጪ።»
እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ሻይ ሳይበርድ ለሚያልቅ የስድስት ደቂቃ ጨዋታ።

አራተኛው ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ኤንደል ሞተ፤
ደረጃው ላይ ወደቀ፣ የአጃ ዳቦው ከረጢት ከእጁ ተከፈተ።

ወንዙ ቀልጦ፣ ዳግም ደንድኖ፣
ቪርቬ ስትመለስ፣ መንደሩ እንደነበረ ሆኖ፣
አቧራው ጣሪያው ላይ፣ ውሻው ከደጁ ተኝቶ፤
አምፖሉን አስጠጋሁላት። ዝም አለች። ዝምታዋ ቆየ፣ በዝቶ።
ከውሻው ጀርባ ላይ፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ በክብ የተጻፈ፣
የኤንደል አውራ ጣት፣ በመካከሉ መጋዝ ያቆሰለው ጠባሳ ያለፈ።

የታሪኩ መጨረሻ ቀላል ነው፦ ዓሣ አጥማጁ ከባሕር ይመጣል፤
ውሻው ይነሣል።
ለማንሣት ግን መጫን አለ፣ መጫንም ማለት መፋቅ፤
እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቸኮልኩ፣ አላወቅሁም መጠንቀቅ፤
«ሌላ ውሻ እንሥራ፣ ይህኛው በሣጥን ይቀመጥ» አልኳት።
«በሣጥን የኖረ ውሻ ለጌታው አይነሣም» አለችኝና ዞረች ወደ መብራት።

ዐሥራ አንድ ቀን ከውሻው ሸሸች።
ጀልባውን አንቀሳቀሰች፣ የጥጡን ጭስ አበዛች፤
ስክሪፕቱ ላይ ያልነበረች ድመት በአጥር ላይ ሄደች፣
የማንም ያልሆነ መስኮት በራ፣ ጠፋ፤
ማዕበሉን ብቻ ሁለት ቀን ስትገፋ!
እኔ ምንም አላልኩም። ከረሜላ በላሁ፣ ወረቀቱን ለባሕሩ ሰጠሁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት እጇን በሻይ ብርጭቆ አሞቀች፤
አውራ ጣቷን በአውራ ጣቱ ላይ አሳረፈች።
ገፋች፣ ቅንጣት።
ቀጭ።
አንድ መስመር ጠፋ።
ገፋች። ቀጭ። ጠባሳው ከግማሽ ላይ ተደፋ።
ገፋች።
ቁጥሩን እኔ ነበርኩ የምጽፈው፦ አርባ አንድ ምስል።
በአርባ አንደኛው ከጀርባው ላይ የቀረው የእሷ ጣት ብቻ፣
ውሻው ግን ቆሞ፣ ጆሮውን ወደ ባሕሩ ጥሎ፣
የሚያውቀውን ኮቴ እንደሚሰማ ሁሉ።

ፊልሙን በትምህርት ቤት አዳራሽ አሳየን፣ ወንበሩ የሚንጫጫ፤
ልጆቹ ከፊት፣ ካልሲያቸው እርጥብ፣ አፋቸው ሙሉ ጥርስ ማፋጫ።
ውሻው ሲነሣ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ተርገበገበ፣
እንደ ንፋስ፣ እንደ ውሃ፣ መጣ፣ ሄደ፣ ተሰበሰበ፤
አንዲት ልጅ ጮኻ «እዩት፣ እዩት፣ ሰው ሳይኖር እየተዳበሰ!»
አለች። ሳቁ አዳራሹን አዳረሰ።
ከጭቃው የጠፋው ጣት፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣
መስመር በመስመር፣ በሁሉም ፊት፣ በተራው ሲገለጥ፣
ቪርቬን ላያት ዞርኩ። ጥፍሯ ሥር የገባውን ሰም ትፍቅ ነበር።

ጭብጨባው ሲያልቅ ተነሣች፣ ካፖርቷን ከታች ወደ ላይ ቆለፈች።
ከአንገቷ ሥር አንዱ አዝራር የለም።
ምድር ቤት ነው፣ መንደሩ ላይ፣ ጨረቃ ሆኖ።
ክፍቱን በእጇ ይዛ ወደ በረዶው ወጣች።