ጥላው ከሚያልቅበት

የእቁቤን ሁለት እጣ ሲሚንቶ ገዛሁበት፤
ግቢዬን ጥግ እስከ ጥግ ሊሾ አስነጠፍኩበት።
ጭቃው አንገሽግሾኝ፣ አቧራው ሰልችቶኝ፣
የቱሉ ዲምቱ ንፋስ በጥር አመድ ነፍቶብኝ፣
ጠርጌ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ በባዶ እግር የምሄድበት
አንድ ደህና ወለል፣ አንድ ንጹሕ መሬት፣
ይኸው ነበር ምኞቴ።
ዋንዛው ግን ከመሀል ቆሟል፤
ማንም አልጠየቀው። ዛፍ ምን ይጠየቃል?

ከካርታዬ ይቀድማል፤ ከቆርቆሮው፣ ከአጥሩ፤
ጤፍ አጫጆች ቀትር ከስሩ ይጋደሙ ነበር አሉ፣ ገና እርሻ ሳለ ሰፈሩ።
እኛ ግን በሲሚንቶ እስከ አንገቱ አነቅነው፤
የሰሃን ታህል ክብ እንኳ፣ መተንፈሻ ነፈግነው።

ባንዱ በጋ ጫፉ ሳሳ። በሌላው፣ በልግ ዘለለ።
በሦስተኛው፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ክንዱ ቅጠል ሳያወጣ ዋለ፤
ነጭ አበባው ሲጠበቅ ንቡም ሳይመጣ ቀረ።
ደንግጬ አንድ ጀሪካን ከግንዱ ስር ደፋሁ፤
ሊሾው መልሶ ተፋው፤ በበሩ ስር ሲወጣ አየሁ፤
የሰው ዶሮ ጠጣችው።

መጋዝ ያለው ልጅ መጣ፤ ዛፉን በዓይኑ ለካው፤
"ሦስት ሺህ ብር" አለኝ፣ "ማገዶውን ግን እኔ ነኝ የምወስደው።"
ብርነሽ ከአጥር ማዶ፣ "ይቆረጥ፣ ግልግል ነው፤
ቅጠሉ ሮቶዬን ሞላው።
ደግሞስ ሰው ሳይጠጣ ለግንድ ውሃ መድፋት
ግፍ አይሆንም እንዴ?"
አልዋሸችም፣ እውነት።
ውሃችን በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ቧንቧው ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል፣ እየቀሰቀሰኝ፣
ከዚያ ቀይ ቀዩን ይተፋል።

ጋሽ ወርዶፋን ጠራኋቸው፤ ችግኝ ጣቢያ ነው ያረጁት፤
ዛፉን ቀና ብለው ሳያዩ መሬቱን ነው የዳበሱት።
ከዚያ በአውራ ጣት ጥፍር አንዱን ቅርንጫፍ ቧጨሩ፤
ከልጡ ስር አረንጓዴ፣ የክር ያህል መስመሩ።
"አለ" አሉ፤ በር አንኳኩቶ ከውስጥ ሳል እንደሰማ ሰው።
"ውሃውን የት ነው የምትደፊው?"
"ከግንዱ ስር።"
"ግንዱማ ሆድ ነው እንጂ አፉ እዚያ አይደለም፤
በቀትር ውጪና እይው። ጥላው ከሚያልቅበት ነው አፉ፤ ከዚያ ወዲህ የለም።"

ቀትር ላይ ወጣሁ። ጥላው የሚያልቀው
የወንድሜ ሰርግ ድንኳን ከተተከለበት፣
ሊሾዬ ከሁሉ ከሚያምርበት ነው።

ዲጂኖ ተዋስኩ። የመጀመሪያው ምት እቁቤን ነው የመታው፤
በሁለተኛው ብርነሽ "አበደች" ስትል ሰማሁ፤
ሰባተኛው ላይ ተሰነጠቀ።
ከስር ያገኘሁት አፈር፣ አፈር አይባልም፤
ሲዘግኑት አመድ ነው፤ ሽታ እንኳ የለውም።

"ጭድ አልብሺው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ።
ፍግ አሁን አይሆንም፤ ለታመመ ሆድ ጮማ አይቀርብም።
የሞተውን አስቆርጪ፣ ከእብጠቱ ወደ ውጭ፣ ትከሻው ሳይነካ።
በየቀኑ ጉንጭ ጉንጭ ለሽማግሌ አይበጅም፤
ባሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቀስ ብሎ፣ እስኪጠግብ።"

የአራት ጀሪካን ታች በሚስማር በስቼ፣
የምስር፣ የድንች እጣቢ፣ ሳሙና ያልነካው መለቅለቂያ ሞልቼ፣
ከጥላው ዳር አስቀመጥኳቸው።
ሌሊቱን እንደ አስታማሚ ዙሪያውን ተቀምጠው
ያንጠባጥባሉ፤
እኔ በመስኮት እሰማለሁ።

የምሥራቁ ክንድ አልተመለሰም። ቆረጥነው። ልጁ ስድስት መቶ ወሰደ፣
ማገዶውን ተወልኝ።
በምዕራብ በኩል፣ በግንቦት፣ አቆጠቆጠ፤ ብዙ አይደለም፤
ሻካራ ቅጠል፣ የሕፃን ጆሮ የሚያህል፣ እዚህም እዚያም።
ግቢዬ አሁን ግማሽ ሊሾ፣ ግማሽ ጭድ ነው፤ ዶሮ ይጭረዋል፣
እንግዳ ይሰናከላል።
ይዳን አይዳን አላውቅም፤ ጋሽ ወርዶፋም አልነገሩኝም።

ትናንት ማታ ከአጥሩ በላይ አንድ ባልዲ ብቅ አለ፤
ከባልዲው ስር የብርነሽ እጅ።
"የጎመን ነው" አለች ፊቷን ሳታሳይ፤
"ጨው አልነካውም።"